ሞተሩን ማን አስነሳው?

ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ በገዛ እጁ የፈለገውን መሥራት ይችላል ወይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ቤቴን ብቀባ፣ ወንበሬን ብጠግን ማን ምን አገባው? ይሁንና ሠሪው አንድ ሰው፣ ጉዳቱ የሚያርፍበት ደግሞ ጭራሹን ሌላ ሰው የሚሆንበት ሥራ አለ። ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ተራ ዕቃ ነው፤ መኪናን ከሩቅ በሪሞት የሚያስነሳ መሣሪያ።

እኛ አገር ይህ መሣሪያ እንደ ጌጥ ሊታይ ይችላል። ሚኒሶታ ለሚኖረው የእህቴ ልጅ ግን ጌጥ አይደለም። በዚያ አገር የብርዱ ወራት ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ጠዋት የመኪናው መስታወት በረዶ ጋግሮ፣ መቀመጫው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ይጠብቃል። ቤት ውስጥ ሆኖ ሞተሩን ካስነሳ ግን ቁርሱን እስኪጨርስ መኪናው ይሞቅለታል። መሣሪያውን ራሱ ሊገጥመው አስቦ በስልክ ሲያጫውተኝ፣ «ጋሼ፣ ለመግጠሚያ የጠየቁኝ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ጥቂት ሽቦ ማገናኘት እኮ ነው!» አለኝ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እጁን ለሥራ የሚዘረጋ ሰው አከብራለሁ። መቼም እኛ ባለእጅን ስንንቅ የኖርን ሰዎች ነን፤ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስም እያወጣን ስንሰድብ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። አንድ ወጣት «ራሴ እሠራዋለሁ» ሲል ከዚያ የቆየ ንቀት ነፃ መውጣቱን ስለሚያሳየኝ ደስ ይለኛል።

ነገር ግን የዚያን ዘመን መኪና ሳስብ ሌላ ነገር ታወሰኝ። ያን ጊዜ ሞተር የሚነሳው በማኒቬላ ነበር። አስነሺው ከመኪናው ፊት ቆሞ በክንዱ ያዞራል፤ ሞተሩ መልሶ ከመታ የሚሰበረው የራሱ ክንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ ወጣና ሾፌሩ ወደ መቀመጫው ገባ። ከመኪናው ፊት ባይቆምም ፊት ለፊቱን ያያል፤ እግሩም ከፍሬኑ ሩቅ አይደለም። ዛሬ በሪሞት የሚያስነሳው ሰው ከመኪናው ፊትም የለም፣ ውስጥም የለም። ማን ከፊቷ እንደቆመ አያይም። በመቶ ዓመት ውስጥ እጃችን ከሞተሩ እየራቀ ሲሄድ፣ አደጋውም ከአስነሺው ላይ ተነስቶ ወደ አላፊ አግዳሚው ሄዷል ማለት ነው።

ለምሳሌ እዚህ አዲስ አበባ ቁልቁለት ላይ መኪና ስናቆም ማርሽ ውስጥ አስገብተን መተው ልማዳችን ነው። እንዲህ የቆመች መኪና በሪሞት ሞተሪኖዋ ቢዞር፣ ሞተሩ ገና ሳይነሳ ሞተሪኖው ራሱ ወደፊት ይገፋታል። ከፊቷ ኳስ የሚጫወት ልጅ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ለባለማርሽ መኪና የተሠራ ጥሩ መሣሪያ ሥርዓት አለው፦ ሾፌሩ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ሞተሩ እየሠራ ይወርዳል፤ በሮቹ ሲዘጉ መሣሪያው ሞተሩን ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ አንድ በር ከተከፈተ፣ ሰው ገብቶ ማርሽ ነክቶ ይሆናል በሚል ጥርጣሬ በሪሞት አልነሳም ይላል። ኮፈኑ ሥር የሚገጠም ትንሽ ማብሪያም አለ፤ ኮፈኑ ክፍት ከሆነ፣ እጁን ቺንጋው አጠገብ ያስገባ ሰው ሊኖር ስለሚችል ሞተሩ እንዳይነሳ ይከለክላል።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበልልኝ። የበሩና የኮፈኑ ሽቦዎች ባይገናኙም መኪናው ይነሳል! እንዲያውም ሥራው ቶሎ ያልቃል። ዋናዎቹ ሽቦዎች ባለቤቱን ያገለግላሉ፤ ቢጎድሉ ወዲያው ይታወቃል። እነዚህ ግን የሚያገለግሉት በቦታው የሌለውን፣ ስሙንም የማናውቀውን ሰው ነው። ቢቀሩ የሚጠይቅ የለም፤ ጉድለታቸው የሚታወቀው አደጋ የደረሰ ዕለት ብቻ ነው።

እንግዲህ ለእኔ ጥያቄው ባለቤቱ ይግጠመው ወይስ ባለሙያው የሚል አይደለም። ማንም የማይጠይቀውን ሽቦ የሚያገናኘው ማነው? የሚል ነው።

ባለሙያ ነው ብሎ ለመመለስ ይቀናል። ሥራውን ደጋግሞ ሠርቶታል፣ ቴስተሩን የት እንደሚያኖር፣ የኤርባጉን ሽቦ ለምን እንደማይነካ ያውቃል፣ የሚጠብቀውም ስም አለው። ሁሉም እውነት ነው። ዳሩ ግን ሦስት መኪና ወረፋ የሚጠብቀው ባለሙያም ይቸኩላል። እኔ ራሴ ገንዘብ ከፍዬ ካሠራሁበት ጋራዥ በኋላ ዳሽቦርዱ ሲፈታ፣ ሽቦው በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ አይቻለሁ። በአንጻሩ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ቅዳሜና እሑዱን ሰጥቶ እያንዳንዱን ሽቦ በትዕግሥት የሚበይድ ጀማሪም አለ። ስለዚህ ባለሙያነት ብቻውን ኅሊና አይሆንም፤ በራስ እጅ መሥራትም ብቻውን ጨዋነት አይሆንም።

ሆኖም ሁለቱን እኩል ናቸው ብዬ አላልፍም። ጉዳቱ በራሴ ላይ ብቻ የሚያርፍ ሥራ ቢሆን በራሴ ላይ መማር መብቴ ነው። መንገደኛው ልጅ ግን መለማመጃዬ እንድሆን አልፈቀደልኝም። ስለዚህ እንዲህ ባለው ሥራ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው ከማንኛውም ባለሙያ ያላነሰ ጥንቃቄ ግዴታው ነው፤ ያን ጊዜ ወይም ዕውቀቱ ከሌለው ለሚያውቀው ይስጥ። ሰጠሁ ብሎ ደግሞ መገላገል የለም። ገንዘብ ድካምን ይገዛል እንጂ ኃላፊነትን ተቀብሎ አይሄድም፤ ሪሞቱን የሚጫነው ጣት የባለቤቱ ነውና።

ለእህቴ ልጅም ግጠም ወይም አትግጠም አላልኩትም። አንተም ግጠመው ባለሙያም ይግጠመው፣ በመጨረሻ አንድ ፈተና ስጠው አልኩት። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ማርሹን ፓርክ ላይ አድርገህ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብ። ሰው አለመኖሩን አይተህ ኮፈኑን ክፈት፤ ራቅ ብለህ ሪሞቱን ተጫን። ከተነሳች ሥራው ገና አላለቀም።