ስለ ልብሳችንና ስለ ቦርከና ውኃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለመጪው ጥምቀት የመዘምራኑ ልብስ ከምን ጨርቅ ይሰፋ የሚለው ጥያቄ ሰንበት ትምህርት ቤታችንን ለሁለት ከፍሎ ሰንብቷል። ግማሾቻችን የሚያብረቀርቀው ፖሊስተር ይገዛ እንላለን፤ ርካሽ ነው፣ ካውያም አይፈልግም። ግማሾቻችን ጥጥ ይሁን እንላለን። ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ የሚመስለን ካለን እስቲ እንነጋገርበት።

ለአዳምና ለሔዋን ልብስ ያዘጋጀላቸው ራሱ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 3 ይነግረናል። የጌታችንም ቀሚስ ስፌት ያልነበረው ወጥ ሥራ ስለ ነበር እነዚያ ጨካኝ ወታደሮች እንኳ ሊቀዱት ሳሱ። ልብስ እንግዲህ የሚናቅ ነገር አይደለም።

ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ የፕላስቲክ ክር ነው። በታጠበ ቁጥር ዓይን የማያያቸው ብናኝ ክሮች እየረገፉ ከውኃው ጋር ይሄዳሉ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል፤ ይህኛው ግን ይበጣጠስ ብንለውም አፈር አይሆንም። ጥጥ ግን ይበሰብሳል።

ውኃውስ ወዴት ይሄዳል? ቦርከና ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ እኛ ወደ ከሚሴ ይመጣል፤ የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይገባል። በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ወደ ጨፋ ያወርዳሉ። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በገባር ወንዞች በኩል ወደ ቦርከና እንደሚደርስ አጥኚዎች ለክተው ጽፈዋል፤ በዚያ ላይ የእኛን እጥበት ልንጨምርበት ነው። ባልንጀራህን ውደድ የተባልነው ትእዛዝ እዚህ አገር ሙስሊም ጎረቤታችንንና ከብቱን ያጠጣውን እረኛ ሁሉ ይጨምራል።

ጥጥም ያለ ነቀፋ ነው አንልም። ለአንድ የጥጥ ካናቴራ 2,700 ሊትር ያህል ውኃ እንደሚያስፈልግ ይገመታል፤ ተባይ ማጥፊያም ይረጭበታል። በመካከለኛው እስያ የአራል ባሕር አብዛኛው የደረቀው ገባሮቹ ወንዞች ለጥጥ እርሻ ስለ ተጠለፉ ነው። ስለዚህ አዲስ ጥጥ በየዓመቱ መግዛትም መፍትሔ አይሆንም። እናቶቻችን በእንዝርት የፈተሉት፣ ሸማኔ የሠራው፣ ማቅለሚያ ያልነካው ጋቢ ስንት ዓመት ይለበሳል! ሲያረጅ ሕፃን ይታቀፍበታል፤ ከዚያም መወልወያ ይሆናል።

ደግሞም የሸማ ዋጋ የሚከብዳቸው ቤተሰቦች ከመካከላችን አሉ፤ እነርሱን አሳፍረን ወንዙን አዳንን ብንል ምን ይረባናል? ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ያስተማረው መጥምቁ ዮሐንስ ራሱ የግመል ጠጉር ለብሶ የኖረ ነው። የእኛ ሐሳብ ይህ ነው፤ በሣጥን የተቀመጡት የቀድሞ መዘምራን ልብሶች ወጥተው ይጠገኑ፣ ለታናናሾቹም ይለኩ። የጎደለው ብቻ በአገር ሸማ ይሠራ፤ ዋጋውንም ሥራ የያዙ አባላት ይሸፍኑ። በሚመጣው እሑድ ከጉባኤ በኋላ ሣጥኑ ይከፈታልና መርፌና ክር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።