ጠመንጃው የማን ነው?

እናቴ ወንድሟን ያጣችው በጥይት ነው፤ ከቢቸና ገበያ ሲመለስ፣ መንገድ ላይ። ለቅሶ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ጠመንጃው የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። በእኛ አገር ጠመንጃም እንደ ሰው ዘሩ ይቆጠራል፤ ማን ከማን እንደገዛው፣ ስንት በሬ እንደተሸጠበት ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። የማያውቀው ፖሊስ ብቻ ነበር። እኔም አውቅ ነበር፤ አልተናገርኩም። ብናገር ደም መመለስ ይመጣላ! የእኛም ልጆች፣ የሰውየውም ልጆች ይተላለቃሉ።

ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቶ መሣሪያ በባለቤቱ ስም ይመዝገብ ሲባል ደስ አለኝ። ወረቀት ዘመድ የለው፣ ደም አይፈለግበት። ሞጣ ለሚኖሩት አባቴ ደውዬ ይህንኑ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን «ያኔም ምዝገባ ብለው ነው የጀመሩት» አሉኝ።

ያኔ ያሉት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ጎጃምን ያስተዳድሩ የነበረበትን ዘመን ነው። ጠመንጃ ይመዝገብ ተባለ፤ ገበሬው ነገ ሊገፈፍ እንደሆነ ጠረጠረ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ገቢ ግብር ሲጨመርበት ሞጣና ቢቸና አመፁ፤ ጦር ዘመተ። በመጨረሻ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ገበሬው በከንቱ ጠረጠረ ለማለት ይቸግረኛል።

ጥንት አውጫጭኝ ነበር። በደል ሲፈጸም ያገሩ ሰው ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ አይበተንም። የሚያውቅ ሰው በስሙ አይናገርም፣ ወፍ ነገረኝ ይላል። ግፍ ነበረበት፤ ስንቱ ምስኪን እርሻው ጦም አድሮበታል፣ ወፏም ትዋሻለች። ግን ጥያቄው የሚመጣው ከደሙ በኋላ ነው፣ ስለዚያው አንድ ደም ብቻ። ሲያበቃ ሁሉም ወደ ቤቱ! የስም ዝርዝር ይዞ የሚሄድ የለም።

አሜሪካኖችም በዚህ ይጨቃጨቃሉ። ወንጀል ላይ የተገኘ ጠመንጃ በመለያ ቁጥሩ ተፈልጎ መጀመሪያ ማን እንደገዛው ይጣራል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በምክር ቤት አባሉ ቶድ ታያርት ስም የሚጠራ የበጀት ሕግ ድንጋጌ፣ ይህ መረጃ ከወንጀል ምርመራ ውጭ እንዳይወጣ ገድቦታል። የጠመንጃ ባለቤቶችን ማዕከላዊ መዝገብ ማቋቋምማ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። የፈሩት አባቴ የፈሩትን ነው።

«መዝገቡ ይቆለፍ፤ ሰው ሲገደልና ዳኛ ሲያዝ ብቻ ይከፈት» አልኳቸው።

«ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ይህን ያወራነው ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ጎጃም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ካየው በኋላማ ጥያቄው ይበልጥ ከበደኝ።

ቆየት ብለው፣ «አንተስ የማን እንደሆነ አታውቅም?» አሉኝ። ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ፤ ያውቁታላ።