«ድገምልኝ» ማለት ነውር ነውን?

ሰው ሲነግሩት ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ሳይሰማ «ገባኝ» ብሎ ራሱን የሚነቀንቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህንም የሚያደርገው ሐሰትን ወዶ አይደለም፤ አንድም ተናጋሪውን እንዳያደክም አዝኖለት፥ አንድም «አይሰማም፥ አይገባውም» እንዳይባል ፈርቶ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሳይሰሙ ሰማሁ ማለት ለወዳጅ ማዘን ነውን፥ ወይስ ወዳጅን መበደል? ነገሩን በጉባኤ ቤት ምሳሌ ብቻ ብናየው የለመድነው ስለ ሆነ ያልፈናል። ስለዚህ ለቢቸናና ለሞጣ ሰው እንግዳ ከሆነ ጨዋታ፥ ከአማተር ራዲዮ ውድድር፥ ምሳሌ እናምጣ።

አማተር ራዲዮ ማለት ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ስም ተቀብሎ፥ ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀትና ለወዳጅነት፥ በአጭር ሞገድ ከሩቅ አገር ሰው ጋራ መነጋገር ነው። በአገራችንም የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር በአዲስ አበባ 5 ኪሎ በቴክኖሎጂ ተቋሙ ግቢ ጣቢያ አቁሞ፥ የጥሪ ስሙም ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ ተብሎ፥ ተማሪዎች ከዚያ ሆነው ከዓለም ጋራ ተነጋግረዋል። ከውድድሮቹም ታላቅ የሚባለው ሲ-ኪው ወርልድ ዋይድ በ1948 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጀመረ ሲሆን፥ በኦክቶበር መጨረሻ በድምፅ፥ በኖቬምበር መጨረሻ በሞርስ ፊደል፥ ቅዳሜንና እሑድን 48 ሰዓት ሙሉ ይደረጋል። ተወዳዳሪው ለባልንጀራው የጥሪ ስሙን፥ ምን ያህል እንደሚሰማው የሚገልጽ ቍጥርና የአገሩን ክፍል ቍጥር ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ክፍል 37ኛው ነው።

የዚህ ውድድር ጠባይ ከጉግሥ የተለየ ነው። በጉግሥ ባላጋራ ይባረራል፤ በዚህ ግን ባላጋራው ካልመለሰለት ነጥብ የሚያገኝ የለም። ለማሸነፍ የተነሣ ሁሉ ተቀናቃኙን ሲለምን ያድራል።

የመስማት ቍጥር በድምፅ ከፍተኛው 59 ነው፤ 5ቱ ለቃሉ ግልጽነት፥ 9ኙ ለጕልበቱ። ነገር ግን በውድድር ጊዜ ሁሉም ለሁሉም 59 ይላል፤ በጩኸት መካከል እንደ ትንኝ የሚሰማውን ሰው እንኳ «59 ነህ፤ ስምህን ድገምልኝ» ይለዋል። እንግዳ ሰው ቢሰማ ይሥቃል። ይህ ሐሰት ነውን? እኔ ሐሰት አልለውም። የታመመ ሰው «እንደ ምን አደርህ» ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ» እንደሚለው ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም ሰላምታ መሆኑን ያውቃሉና የሚታለል የለም። ሐሰቱ የሚጀምረው 59 ካለ በኋላ «ድገምልኝ» ማለትን ትቶ ስሙን በግምት የጻፈ እንደ ሆነ ነው።

ስምን መሳት ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ከአገራችን ጣቢያ ስም እንይ። በሞርስ ፊደል ኢ አንድ ነጥብ፥ ቲ አንድ ሰረዝ ናት፤ ኤ ደግሞ ነጥብና ሰረዝ ተጣብቀው ናት። እንግዲህ ላኪው በኢና በቲ መካከል ያለችውን ጥቂት ዝምታ የዋጣት እንደ ሆነ፥ ኢ-ቲ-3 የነበረው ኤ-3 ይሆናል፤ ኤ-3 ደግሞ በሰላማዊ ውቅያኖስ ያለችው የቶንጋ ምልክት ነው። በአንዲት ዝምታ መጕደል ኢትዮጵያ ደሴት ሆና አረፈችው! የቅኔ ተማሪ ግን ይህን ሲሰማ አይደነቅም፤ «አለ» ላልቶ ሲነበብ የተናገረውን፥ ጠብቆ ሲነበብ ያለውን እንደሚያመለክት፥ ቃልም ሲከፈልና ሲጋጠም ምሥጢሩ እንደሚለወጥ ያውቃልና።

ከውድድሩ በኋላ ሁሉም መዝገቡን ይልካል፤ መዝገብም ከመዝገብ ጋራ ይመሳከራል። ስም አሳስቶ የጻፈ ያንን ግንኙነት ያጣል፤ በላዩም የነጥቡን ሁለት እጥፍ ይቀጣል። ስሙ የተሳተበት ሰው ግን በበኩሉ አስተካክሎ ጽፎ እንደ ሆነ ምንም አይጐድልበትም። ቅጣቱ በአድማጩ ላይ ወደቀ ማለት ነው፤ ይህም ደግ ፍርድ ነው፥ መጠየቅ ይችል ነበርና። የሚከብደው ሌላው ነው። አንዱ የሰማውን በሚገባ ጽፎ ሳለ፥ ሁለተኛው ቸኵሎ ከመዝገቡ ሳያገባው ቢቀር፥ ያልበደለው ሰው ግንኙነቱን አጥቶ እንደ አጥፊ ይቀጣል። ዳኛው ሁለት መዝገብ እንጂ ሁለት ልብ አያይምና። ስለዚህ በመጨረሻ «ተቀብያለሁ፥ አመሰግናለሁ» የምትለው ቃል የትሕትና ጌጥ ብቻ አይደለችም፤ የሌላው ሰው ገንዘብ ናት። ሳይሰማ «ተቀብያለሁ» ያለ ሰው ባልንጀራውን አሳምኖ ይሰድደዋል፥ ከሄደ በኋላም ያስቀጣዋል። እንግዲህ አዝኖለት ነበርን?

ዳግመኛም ውድድሩ ካለቀ በኋላ ስምን በድምፅ ቅጂ፥ በኢሜይል ወይም በስም ዝርዝር እየመረመሩ ማቃናት ክልክል ነው። በዚያች ሰዓት ያልተሰማ አልተሰማም።

በእኛ ዘንድ፥ በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በደብረ ወርቅ፥ የጉባኤው ሥርዓት ከዚህ ይለያል። ተማሪው የቈጠረውን ጉባኤ ቃና በየኔታ ፊት ሲነግር፥ ቤቱ ባይመታ ወይም አገባቡ ቢሰበር በጓደኞቹ መካከል ይታረምለታል፤ አንዱ ሲታረም ሁሉ ይማራል። ለእኔ ይህ ይበልጥብኛል፤ የራዲዮው ተወዳዳሪ ስሕተቱን የሚያውቀው ነገሩ ካለፈ በኋላ፥ ብቻውን ሆኖ ነውና። በአንድ ነገር ግን እርሱ ይበልጠናል። «የኔታ፥ አልሰማሁም፥ ይድገሙልኝ» ለማለት የሚያፍር ደቀ መዝሙር ስንት ነው! ያልሰማውን ቃል በልማድ ሞልቶ ይሄዳል፤ ኋላም ወንበር ሲዘረጋ ያንኑ ያስተምራል፤ የእርሱም ተማሪ በሌላ አገር ያንኑ ያወርሳል። የራዲዮው ስሕተት ነጥብ አጕድሎ ይቀራል፤ ይህኛው ግን ማን ይቈጥረዋል?

ኢትዮጵያ በአየር ላይ እምብዛም የማትገኝ ስለ ሆነች፥ ስሟ በተሰማ ጊዜ ብዙ ጣቢያ ባንድነት ይጮኻል። ባለ ብርቱ መሣሪያው ይሰማል፤ ደካማው ከበታች ይቀራል። ከደካማው ስም ሁለት ፊደል ብቻ የለየ ሰው ሁለቱን ፊደል ጠርቶ «እርሱ ብቻ ይድገም» ይላል፤ ሌሎቹም ዝም ማለት ይገባቸዋል፥ ዝም የማይሉም አሉ። ስለ ሰዓቱ የሚጨነቅ «ለአንዱ ደካማ ስትለፋ ሦስት ብርቱ ባለፈ» ይለው ይሆናል። ሒሳቡ እውነት ነው። ነገር ግን ጠርቶ ተስፋ ከሰጠው በኋላ ወደ ብርቱው ቢዞር፥ ያ ደካማ «ተጽፌአለሁ» ብሎ መዝግቦ ይቀጣል።

እስካሁን የአድማጩን ዕዳ ተናገርን፤ የጠሪውም ዕዳ አለ። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ከላይኛው የአየር ንብርብር ሲመለስ ቅርቡን ዘሎ ሩቁን ይመታል። ከቢቸና በ20 ሜትር ሞገድ የሚጠራ ሰው ቢኖር፥ ድምፁ አውሮፓ ሲደርስ ሞጣ ላይሰማ ይችላል። መቶ ጊዜ ቢደጋግመው ያው ነው፤ የሞጣውንም ሰው «አይሰማም» ብሎ መውቀስ አይገባም። ሞጣን የፈለገ በቀን ወደ 40 ሜትሩ ሞገድ ተሻግሮ፥ አንቴናውን ከምድር ብዙ ሳያርቅ ዘርግቶ፥ ስሙን ቀስ ብሎ እንደ ገና መጥራት አለበት።