ተመልሶ ለማይጠይቅ አንባቢ

እናት ወጥ እያማሰለች «እስቲ እሱን አቀብለኝ» ስትል ልጅ ሳያቅማማ ጨው ያቀብላል። «እሱ» የሚለው ቃል ብቻውን ጨው አይልም። የተዘረጋው እጅ፣ ወደ መደርደሪያው የዞረው ዐይን፣ ከማማሰያው ላይ የተቀመሰችው ጠብታ አንድ ላይ ሆነው ይሞሉታል። ልጁ ቢሳሳት እንኳ «እሱን አይደለም» ትለዋለች፤ ነገሩ ወዲያው ይቃናል። «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» የምንለውም ሰሚው የቀረውን ከራሱ እንደሚጨምር ስለምናምን ነው።

ያን ወጥ ቤት ጨርሶ የማያይ ሰሚ ቢመጣስ? በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ኤጀንቶች እንዲህ ያሉ ሰሚዎች ናቸው። ቀጠሮ የሚይዙበት፣ ፋይል የሚፈልጉበት፣ ክፍያ የሚፈጽሙበት መሣሪያ ይሰጣቸዋል። የመሣሪያውን ኮድ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያዩትም። የሚያዩት ስሙን፣ አጭር መግለጫውንና መሞላት ያለባቸውን መረጃዎች ዝርዝር ነው፤ መቼና እንዴት እንደሚጠቀሙበት የሚወስኑትም ከእነዚህ ቃላት ተነሥተው ነው። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ኤጀንቶችን ከመሣሪያዎች ጋር የሚያገናኘውን፣ «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የተባለውን ለሁሉም ክፍት የሆነ ደንብ ካወጣ ወዲህ ደግሞ አንዱ የሠራውን መሣሪያ ፈጽሞ የማያውቀው ሰው ኤጀንት ሊጠቀምበት ይችላል።

የተጻፈ ቃል ብቻውን ሲቀር የሚገጥመው ችግር አዲስ አይደለም። ፕላቶ «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሳኑ ሶቅራጥስን በጽሑፍ ላይ ክስ ያስመሠርተዋል። ጽሑፍ ሲጠይቁት ያንኑ ከመድገም በቀር መልስ የለውም፤ አባቱ፣ ማለትም ጸሐፊው፣ ካልደረሰለት ራሱን አይከላከልም። ይህን ጉድለት እስከ ዛሬ የሸፈነልን አንባቢው ነው። ያልገባው ሰው ያመነታል፤ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ኤጀንት ግን ባልተጻፈለት ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ግምቱን ይዞ ያልፋል፤ ግምቱም ሳይውል ሳያድር ድርጊት ይሆናል።

አንድ የክሊኒክ ቀጠሮ መያዣ እናስብ። መግለጫው «ቀጠሮ ይይዛል» ይላል፤ የሚሞላውም «ቀን» እና «ሰዓት» ነው። አንዲት እናት «ለነገ 3 ሰዓት ያዝልኝ» ትላለች። ኤጀንቱ በሰዓት ቦታ 3 ብሎ ይሞላል። መሣሪያው ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቆጥር ስለሆነ ቀጠሮው ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያርፋል። «ተሳክቷል» የሚል መልስም ይመጣል። የሰው ቋንቋ አልተሳሳተም፤ ማሽኑም አልተበላሸም። የተጓደለው በመካከል መጻፍ የነበረበት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

መግለጫው እንዲህ ቢሆንስ? «አዲስ የክሊኒክ ቀጠሮ ይይዛል፤ የተያዘውን አይሰርዝም፣ አይለውጥም። ቀን በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር፣ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በሚቆጠር 24 ሰዓት ይጻፍ፤ የጠዋት 3 ሰዓት 09:00 ነው። ጠዋት ይሁን ማታ ካልታወቀ ቀጠሮው ከመያዙ በፊት ተጠቃሚው ይጠየቅ።» የማይሠራውን መናገሩ የሚሠራውን የመናገር ያህል ይጠቅማል፤ መሬት ወሰኑ ካልተነገረ ስፋቱ አይታወቅምና።

በቅኔ ቤት አንድ ኅብረ ቃል ሰምና ወርቅ መሸከሙ የባለቅኔው ክብር ነው፤ ወርቁን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ የሰሚው ደስታ ነው። ከላይ ያየነው «3 ሰዓት» ማንም ሳያስበው የተፈጠረ ኅብረ ቃል ነበር። ቅኔን ያከበረ ሕዝብ አንድ ቃል ምን ያህል መሸከም እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስለዚህ የት ላይ አንድ ትርጉም ብቻ መሸከም እንዳለበትም ለመለየት የተሻለ ጆሮ አለው።

ኤጀንቶቹ እየበሰሉ ሲሄዱ ይህ ሁሉ ድካም ይቀራል የሚሉ አሉ። ብልህ አንባቢ ብዙ ክፍተት እንደሚሞላ አልክድም። ነገር ግን ብልህነት በጸሐፊው ልብ ብቻ ያለውን አያወጣም። ሁለቱም ንባቦች ትክክል ሲሆኑ የትኛው እንደታሰበ የሚያውቀው ያሰበው ሰው ነው። ቃል በማብዛትም አይዳንም፤ በማይጠቅም ዝርዝር የተጨናነቀ መግለጫ ዋናውን ይቀብራል፤ ሁለት መሣሪያዎች ተመሳሳይ መግለጫ ከያዙም ኤጀንቱ በየትኛው እንደሚሠራ ይምታታበታል።

እንዲህ ያሉ መግለጫዎችን ከመጻፍ ሥራ የተማርኩት ትልቁ ነገር ሌላ ነው። መግለጫውን ለመጻፍ ስቀመጥ ብዙ ጊዜ የማገኘው ያልወሰንኩትን ነገር ነው። «ሰዓት» ስል የማንን ሰዓት ማለቴ ነበር? ያ ጥያቄ እስኪጻፍ ድረስ መልስ እንዳለኝ ይመስለኝ ነበር። ግልጽ አድርጎ መጻፍ ያለቀ ሐሳብን ማስዋብ ይመስለን ይሆናል፤ እኔ ግን ሐሳቡ የሚያልቀው እዚያው ሲጻፍ እንደሆነ አምናለሁ።

መግለጫውን የሚያነበው ማሽን ቢሆንም ዕዳው የሚከፈለው በሰው ነው። ያቺ እናት በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ልጇን አዝላ የክሊኒኩ መስኮት ጋ ትቆማለች። ስሟ መዝገቡ ላይ ይኑር ወይም አይኑር የሚወስነው እኛ ትናንት «ግልጽ ነው» ብለን ያለፍነው ቃል ነው።