የሴንሰር ዝምታ ምን ያስረዳል?

በር ላይ የተገጠመ ገመድ አልባ ሴንሰር ዝም ሲል ወይ በሩ አልተከፈተም፣ ወይ ተከፍቶ መልእክቱ መንገድ ላይ ጠፍቷል። መቆጣጠሪያው አጠገብ ለተቀመጠ ሰው ሁለቱ ዝምታዎች አይለዩም። የማስረጃ አለመኖር የነገሩን አለመኖር ያረጋግጣል ወይ የሚለው የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ እዚህ ላይ በአንቴና ሽቦ ርዝመት ይለካል።

ብዙ ርካሽ ሴንሰሮች በ433.92 ሜጋኸርዝ ይልካሉ እንጂ መልስ አይቀበሉም። የሞገዱ ርዝመት 69 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ሩብ ሞገድ አንቴና 17.3 ሴንቲሜትር ይሆናል። ቦታ ለመቆጠብ የተጠቀለለውን የአንቴና ሽቦ በዚህ ርዝመት ቀጥ ባለ ሽቦ መተካት ብዙ ጊዜ ርቀቱን ይጨምራል። አንቴና ግን ኃይል አይፈጥርም፤ ያለውን እንዳይባክን ያደርጋል እንጂ። የሚሻለው የተቀባዩን አንቴና ማሻሻል ነው፤ አንድ ጆሮ ሲቃና ተናጋሪው ሁሉ ይሰማል፣ በማሰራጫ ኃይል ላይ የተጣለው ሕጋዊ ገደብም አይነካም።

አንቴናን ማሻሻል ጥርጣሬውን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ባትሪ ያልቃል፣ ሌላ አስተላላፊም ያውካል። ለዝምታ ትርጉም የሚሰጠው አስቀድሞ የሚጠበቅ ድምፅ ነው። በየተወሰነ ጊዜ «አለሁ» የሚል ሴንሰር በሰዓቱ ሳይናገር ሲቀር ዝምታው ራሱ ደወል ይሆናል። ይህን ምልክት የማይልክ ሴንሰር፣ አንቴናው የቱንም ያህል ቢሻሻል፣ ስለ ቤቱ ደኅንነት ምስክር ሊሆን አይችልም።