የጋራ ገበታ በጅቡቲ ከተማ

ለሕዝብ መሰብሰቢያ የሚሠራ ጠረጴዛ እንጨቱ ሳይቆረጥ በፊት መልስ የሚሻ ጥያቄ አለው፤ ማን ከማን ጋር፣ በምን ማዕረግ ይቀመጥበታል? በጅቡቲ ከተማ ይህ ቀላል አይደለም። ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመናዊውና ኢትዮጵያዊው በአንድ ወደብ ይኖራሉ፤ አንዱ ምንጣፍ ላይ፣ ሌላው በመሶብ ዙሪያ፣ ሌላው ወንበር ላይ ተቀምጦ መብላት ለምዷል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ገበታ ዝም አላሉም። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 25 ለኅብስተ ገጹ የታዘዘው ገበታ የግራር ነው፤ ርዝመቱ 2 ክንድ፣ ወርዱ 1 ክንድ፣ ቁመቱ አንድ ክንድ ተኩል። ኅብስቱን ግን የሚበሉት ካህናት ብቻ ነበሩ። የቁርኣን 5ኛ ምዕራፍ አል-ማኢዳ ስሙን ያገኘው የዒሳ (የኢየሱስ) ደቀ መዛሙርት ከሰማይ እንዲወርድላቸው ከለመኑት ማዕድ ነው፤ ያ ማዕድ የተለመነው ለነበሩትም ለሚመጡትም ነው። አንዱ ገበታ ቅድስናውን በመለየት ይጠብቃል፣ ሌላው በመጋበዝ።

ፈላስፋዋ ሐና አረንት እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው ሥራዋ የጋራውን ዓለም በሰዎች መካከል በተቀመጠ ጠረጴዛ መስላለች፤ ያገናኛል፣ ደግሞም ያራርቃል። መሶብ እጅን ከእጅ ያገናኛል፤ ለቤተ ዘመድ ከዚህ የሚበልጥ የለም። እምነታቸውና ቋንቋቸው ለተለያየ ጎረቤቶች ግን ያቺ ትንሽ ርቀት ክብር ናት፤ ሰው ሳይጨነቅ እንዲናገር ቦታ ትሰጠዋለች።

ከዚህ የቅርጹ ምርጫ ይከተላል። ረጅም ጠረጴዛ ራስና ግርጌ አለው፤ ክብ የለውም። ለአንድ ሰው 60 ሳንቲሜትር ያህል ጠርዝ ቢታሰብ፣ 8 ሰው የሚይዝ ክብ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። 75 ሳንቲሜትር ቁመት ለወንበር ይመቻል፣ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠን ግን ያገልላል። ስለዚህ እግሩ ተነቃይ ሆኖ በአጭር ቢለወጥ ፍትሐዊ ነው።

አየሩም የራሱን ይጠይቃል። ክረምት ላይ ደረቁ የካምሲን ነፋስ እንጨትን ያኮማትራል፤ በበጋ የባሕሩ እርጥበት ያሳብጠዋል። ጣውላ የሚሰፋውና የሚጠበው በወርዱ እንጂ በርዝመቱ እምብዛም ስለሆነ፣ በሙጫ ድርቅ ብሎ ከታሰረ ይሰነጠቃል። ጨዋማው አየርም ሚስማርን ያዝጋል፤ ጥርስ አውጥቶ በተፈለፈለ ቀዳዳ ማጋጠም ይሻላል።

ከባዱ የሥነ ምግባር ጥያቄ የእንጨቱ ምንጭ ነው። ግራር በጅቡቲ ቆላ ይበቅላል፤ ለግመልና ለፍየል መኖ፣ ለእረኛ ጥላ ነው። የሶማሌው የዒሳ ጎሳ ሽማግሌዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የቃል ሕጋቸውን፣ ሔርን፣ ይዘው ሲመክሩ የሚሰበሰቡትም ዛፍ ሥር ነው። በጎዳ ተራሮች ያለው የዳይ ደን ጥድም አብዛኛው እየደረቀ ነው። ሰው የሚሰበሰብበትን ጥላ ቆርጦ የመሰብሰቢያ ጠረጴዛ መሥራት እርስ በርሱ ይጣረሳል፤ ከፈረሰ ቤት የተረፈ በርና ወራጅ፣ ወይም በወደቡ የገባ ጣውላ ይበቃል።