የመደርደሪያው አደራ

ፊልም በካሴትና በዲስክ እየገዛ የሚያከማች ሰው ከካምፓላ ወደ ጂንጃ ወይም ወደ ኢንቴቤ ለዕረፍት ሲወጣ መደርደሪያውን ተሸክሞ አይሄድም፤ ስልኩን እንጂ። በዚያ ሰሞን፣ ምናልባትም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በኢንተርኔት የሚቀርበውን የፊልም አገልግሎት ይሞክራል። ለዓመታት ሲያፈላልገው የኖረውን ፊልም በአንድ ንክኪ ከፊቱ ሲያገኘው ይደነቃል፤ ወዲያውም አንድ ጥያቄ ያድርበታል። ሁሉም እንዲህ በቀላሉ ከተገኘ፣ ቤት የቀረው አቧራ የለበሰ ክምችት ለምን ይቀመጣል? ጥያቄው የቦታና የገንዘብ ይመስላል፤ በጥልቀት ሲታይ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ለአዲሱ አገልግሎት ተገቢውን ምስክርነት መንፈግ አይገባም። ኔትፍሊክስ በ2016 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኡጋንዳንና ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ130 በላይ ለሚሆኑ አገሮች በአንድ ቀን በሩን ከፈተ። የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» በ1993 ሲወጣ በአሜሪካ አከፋፋይ አጥቶ ደራሲው ራሱ አዳራሽ እየተከራየ ያሳየው ፊልም ነበር፤ በ2021 ግን ታድሶ በዚሁ አገልግሎት ቀረበ። በአንድ ሰው ቁም ሣጥን የተቆለፈ ፊልም ይህን ያህል ተመልካች አያገኝም። ማከማቸት አንዳንዴ ፍቅር፣ አንዳንዴም ከንቱ ኩራት መሆኑን ሰብሳቢው ራሱ ያውቀዋል።

ይሁንና ተመልካች በወርኃዊ ክፍያው የሚያገኘው ፊልሙን ሳይሆን የማየት ፈቃድን ነው። ፈቃድ ደግሞ ሰጪ አለው፤ የሰጠም ይነሣል። በ2009 አማዞን ለደንበኞቹ የተሸጡ ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍትን፣ አቅራቢው መብት አልነበረውም በማለት፣ ከማንበቢያ መሣሪያዎቻቸው ላይ ከሩቅ ሰርዞ ገንዘባቸውን መለሰ። ሒሳቡ ተዘጋ፤ ጥያቄው ግን አልተዘጋም። በ2021 መጀመሪያ፣ በኡጋንዳ ምርጫ ሰሞን፣ ኢንተርኔት ለቀናት ሲቋረጥ ደግሞ ዲስክ የነበረው ፊልሙን አየ፤ ያልነበረው የጠቆረ መስኮት ታቅፎ ዋለ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ከዚህም የሚብስ መጥፋት አለ። አይዛክ ናብዋና በካምፓላ ዋካሊጋ ሠፈር የሠራው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የተሰኘው ፊልም በ2010 በዲቪዲ እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። ደራሲው ግን ለቀጣዩ ሥራው በኮምፒውተሩ ላይ ቦታ ስላጣ ዋናውን ቅጂ ለመደምሰስ ተገደደ። ዛሬ ዓለም በኢንተርኔት የሚያየው የቪጄ ኤሚ ትረካ የታከለበትን ቅጂ ነው። በካምፓላ ቪዲዮ ቤቶች የውጭ ፊልም እየተረጎሙ የሚተርኩት ቪጄዎች ድምፅ ራሱ ትልቅ ቅርስ ነው፤ ከትረካው ሥር የነበረው ፊልም ግን እንደ ነበረ ሊመለስ አልቻለም።

የአገራችን የብራና መጻሕፍት ይህን ሥጋት ቀድመው ያውቁት ነበር። በብዙዎቹ ላይ የሰረቀውም የፋቀውም የተገዘተ ይሁን የሚል ማስጠንቀቂያ ይገኛል፤ መፋቅ ከስርቆት እኩል በደል ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው። መጽሐፈ ሄኖክ በሌላው ዓለም ጠፍቶ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ መሆኑም የታወቀ ነው። የጠበቁት መነኮሳት ራሳቸውን ባለ አደራ እንጂ ባለቤት አላሉም።

እንግዲህ ሰብሳቢው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «የእኔ ምን አለኝ?» ብሎ ሳይሆን «እኔ ዘንድ ያለው ቢጠፋ ሌላ የት ይገኛል?» ብሎ ነው። በሚሊዮን ቅጂ የተሠራጨውን የሆሊውድ ፊልም ያለ ጸጸት ሊተወው ይችላል። ከአዲስ አበባ በሻንጣ ተጭኖ ካምፓላ የገባውንና እስከ ዛሬ የትኛውም አገልግሎት ዞር ብሎ ያላየውን የአማርኛ ፊልም ግን ሊጥለው አይገባም። ዲስክም ይቧጨራል፣ ካሴትም ይሻግታል፤ ስለዚህ መጠበቅ ብቻ አይበቃም። ያለውን መመዝገብ፣ ለጎረቤት ማዋስ፣ ለልጆች ማሳየት የአደራው ክፍል ነው። ማንም የማያውቀው ክምችት ከተደመሰሰ ፊልም ብዙም አይለይምና።